መስክ ላይ ያለ አባል

ስልኩን ድምፁን አጥፍቶ ፊቱን ወደ ታች ደፍቶታል፤ ግን የተደፋ ስልክም ሲጠራ በጠርዙ በኩል ብርሃን ያመልጠዋል፣ ይህቺ በጥቁር መጋረጃ የታፈነች ክፍል ደግሞ ክር የምታህለውን ብርሃን እንኳ አታባክንም፣ ይዛ ጣሪያው ላይ ትዘረጋዋለች። ኢያቄም ሳያነሳው አወቀ፣ ጀማነሽ ናት፣ ሦስተኛ ጊዜዋ ነው፣ አራተኛ ትደውል ይሆን ወይስ ተስፋ ትቆርጥ ይሆን ብሎ አሰበ፣ ተስፋ ብትቆርጥ ይሻለኛል አለና ወዲያው በራሱ አፈረ። ውጭ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ነው፣ ፀሐዩ ቀዩን የብረት መሬት እየቆላው ነው፤ እሱ ግን የሌሊት ፈረቃ ሠራተኛ ስለሆነ ሌሊቱ አሁን ነው፣ መተኛት አለበት፣ በሩ ላይም «ተኝቷል፣ አትረብሹ» የሚል ሰሌዳ ተንጠልጥሏል፣ በወጣ በገባ ቁጥር ሲያየው ሰሌዳው ስለ እሱ የሚዋሽለት ይመስለዋል። ከፐርዝ ከተማ በአውሮፕላን በሚደረስበት በዚህ የአውስትራሊያ ማዕድን ካምፕ ስድስት ዓመት ሲኖር በጭንቅላቱ ሁለት ሰዓት ቆጣሪ ይዞ ነው የኖረው፣ አንዱ የሚሠራበት፣ ሌላው የሚያፍርበት። በሚያፍርበት ሰዓት አሁን አዲስ አበባ ጠዋቱ ሁለት ነው።

መልእክቷን ሰምቶታል። ሁለት ጊዜ ሰምቶታል። «ኢያቄሜ፣ ተኝተህ ከሆነ ይቅርታ፣ ማለቴ እዛ ስንት ሰዓት እንደሆነ እንጃ። በቃ ዛሬ ነው። አይሱዙው ስድስት ሰዓት ላይ ይመጣል። ቂርቆስ ያለው ትምህርት ቤት ድንጋዮቹን ሊቀበለን ተስማምቷል፣ ክፍልም ሰጥቶናል፣ ግን ዳይሬክተሯ ያለ ዝርዝር አንድም ድንጋይ አላስገባም ብላለች። ልክ ናት እኮ፣ ስም የሌለው ድንጋይ ምን ያደርግላታል? ዝርዝሩን ላክልኝ፣ ያለቀውን ያህልም ቢሆን። ካልሆነ ቤቱ ነገ ይፈርሳል፣ ከፍርስራሹ ጋር ተጠርጎ ነው የሚሄደው። ጋሽ ሊካሳ ከንጋት ጀምሮ እዚህ ቁጭ ብለዋል።»

ያለቀውን ያህል አለች። ያለቀ የለም። የተጀመረም የለም። መዝገቡ እዚሁ አልጋው ስር፣ ሻንጣ ውስጥ፣ በላስቲክ እንደተጠቀለለ ተኝቷል፣ ከእሱ በተሻለ ተኝቷል፤ ለጀማነሽ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ በደወለች ቁጥር እየጻፍኩት ነው፣ ሊያልቅ ነው፣ ትንሽ ነው የቀረኝ ሲላት ኖሮ፣ ከዚያ ወዲህ መዋሸቱም ሰለቸውና ስልክ ማንሳት ተወ። ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል፣ ለእሱ ግን እያደር ከበደ፣ አሁን ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ድንጋይ ያህል ይከብዳል።

ሦስት መቶ አሥራ ሁለት። ቁጥሩን ያውቀዋል፣ የመጨረሻውን የጻፈው እሱ ነው። ካዛንቺስ፣ እትዬ ሸዋዬ ግቢ ውስጥ ባለችው ሰርቪስ ቤት፣ የምድር ባለሙያዎች ማኅበር ጸሐፊ ነበረ፣ አሥራ አንድ ዓመት፣ ጀማነሽ በቦታው ሳትተካ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ለገሃር ካለው የጉድጓድ ቁፋሮ መሥሪያ ቤቱ ይውላል፣ ቅዳሜ ከሰዓት ሰው ኳስ ሊያይ ወደ ስታዲየም ሲጎርፍ እሱ ሕዝቡን በደረቱ እየሰነጠቀ ወደ ካዛንቺስ ይወጣል፣ ደሞዝ የለው፣ አበል የለው፣ ቃለ ጉባኤ ይጽፋል፣ መጽሔቱን ያርማል፣ መዋጮ የረሳውን ሳይሆን መምጣት የረሳውን እየደወለ ይጠራል፣ አንዳንድ ቅዳሜ ድንጋይ በካርቶን ተሸክሞ ትምህርት ቤት ይሄድና ልጆቹን በምስማር ያስጭራቸዋል፣ የቱ ይጫራል የቱ እምቢ ይላል እያለ። እትዬ ሸዋዬ ቤቱን የሰጧቸው ባላቸው ሾፌር ገለታ ዕድሜ ልካቸውን መሬት የሚያጠኑ ሰዎችን በላንድሮቨር ሲያመላልሱ ስለኖሩ ነው፤ ግን ማኅበሩን በደንብ አድርገው ይቀልዱበት ነበር። «ጠላ የሌለው፣ ዳቦ የሌለው፣ ጻድቅ እንኳ የሌለው ማኅበር! ድንጋይ ትሳለማላችሁ እንዴ?» ይሉና ሄደው ሻይ ያመጡላቸዋል።

ደግሞም መሳለም የሚመስል ነገር ነበረው። አንድ አባል ከመስክ ሲመለስ ጭብጥ የምታህል ድንጋይ ይዞ ይመጣል፣ ጎኗ ላይ ነጭ ቀለም ይቀባል፣ ቀለሙ ሲደርቅ ቁጥሯ ይጻፋል፣ ከዚያ ሰውዬው ቆሞ ስለ ድንጋይዋ የፈለገውን አንድ ቃል ይናገራል፣ ሰብሳቢው ጋሽ ሊካሳ መዝገቡ ላይ ያሰፍራሉ፦ ቁጥር፣ የድንጋዩ ዓይነት፣ የተነሳበት ቦታ፣ ያነሳው፣ በመጨረሻም «ያለው»። ሁሉም በእርሳስ። ቀለም ዝናብን ይፈራል፣ እርሳስ አይፈራም፣ ይላሉ፣ የመስክ ሰው እንዲያ ነው የሚጽፈው። ድንጋዩ ላይ ያለው ቁጥር ብቻ ነው፣ ነገሩ ሁሉ መዝገቡ ውስጥ ነው፤ ስለዚህ የማኅበሩ አንደኛ ሕግ ቁጥርና መዝገብ አይለያዩም የሚል ነበር፣ ከተለያዩ ድንጋዩ ተራ ኮብልስቶን ነው፣ ይህንን ለአዲስ አባል ሁሉ ጣቱን እየቀሰረ የሚያስተምረው ራሱ ኢያቄም ነበረ። ሁለተኛው ሕግ ምልዓተ ጉባኤ ነው፤ ግማሹ አባል ሁልጊዜ መስክ ስለሆነ ጉባኤው አይሞላም፣ ስለዚህ መስክ ላይ ያለ አባል እንዳለ ይቆጠራል፣ ስሙ ሲጠራ የተገኙት «መስክ ላይ!» ይሉለታል፣ ጸሐፊው ምልክት ያደርግለታል። ኢያቄም እንዲህ ስንቱን መስክ ላይ እያለ አስገኝቷል።

ወደ አውስትራሊያ ሊሄድ ሳምንት ሲቀረው ነው። መዝገቡ አንድ ብቻ ነው፣ እሳት ቢነሳስ፣ ጣሪያው ቢያፈስስ፣ እኔ ይዤው ሄጄ በሁለት ወር ውስጥ በኮምፒውተር ጽፌ እልካለሁ ይላል፤ እውነትም የጋሽ ሊካሳን የእጅ ጽሑፍ ከራሳቸው ሌላ የሚያነብ እሱ ብቻ ነው፣ አሥራ አንድ ዓመት ደብዳቤያቸውን የገለበጠ እሱ ነው። ጋሽ ሊካሳ መዝገቡን ያገላብጣሉ፣ እርሳሷን በክር ጥራዙ ላይ ያስሩና በላስቲክ ጠቅልለው ይሰጡታል። «ያንተ እጅ የኔ እጅ ነው» ይሉታል። አሁን ጨለማው ውስጥ፣ ማንም ስለማያየው፣ እውነቱን ለራሱ ይናገራል፤ መዝገቡን የወሰደው ሊጽፈው ብቻ አልነበረም። እንዳይረሱት ነበር። የሚፈልጉት ነገር በእጁ ካለ ይጠሩኛል ብሎ ነበር። ደግሞም ጠሩት፣ እሱ ነው ያላነሳው። ለምን አልጻፍክም ቢሉት፣ አንድ ሁለቴ ከፍቶት የነጩን ቀለም ሽታ ያሸተተ መሰለው፣ ዘጋው፣ በቃ ይኸው ነው፣ ናፍቆት ነው ብሎ ማመካኘት ደግሞ ያሳፍራል።

እዚህም ማኅበር አለ። አንድ ጊዜ ፐርዝ ለዕረፍት ወርዶ ስብሰባቸው ገባ፣ ስሙን ደረቱ ላይ ለጠፉለት፣ አይብ በስንጥር ሰክተው ሰጡት፣ ደግ ሰዎች ናቸው፣ ሁሉም በትርፍ ሰዓቱ በነፃ የሚያገለግል ነው፣ ግን ያገለገለበትን ሰዓት እያንዳንዱ በኮምፒውተር ያስመዘግባል። ሙሉ አባል ለመሆን የሚሞላ ቅጽ ሰጡት። በሙያ ማኅበር ውስጥ በፈቃደኝነት የሰጡት አገልግሎት፣ ከ... እስከ... ይላል። «ከ» የሚለውን ሞላ። «እስከ» ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ፤ ከሄድኩበት ቀን ብል ያከተመ ነገር ነው፣ እስከ ዛሬ ብል ውሸት ነው፣ ውሸት ደግሞ በቂ አለኝ አለና ቅጹን መሳቢያ ውስጥ ከተተው። ዓመት አለፈው።

ጣሪያው እንደገና በራ። አራተኛው ነው።

አነሳው። እጁ እንዴት እንዳነሳው እሱም አላወቀም። «ሃሎ» አለ፣ የተኛ ሰው ድምፅ ለማስመሰል ሞከረ፣ አልመሰለለትም።

«ኢያቄሜ! ተመስገን! መልእክቱን ሰማኸው?»

«ሰማሁት።»

«እና? ላክልኛ በቃ! ፕሪንት የሚያደርግ ቤት አንድ ብቻ ነው የቀረው፣ እሱም ዕቃውን እየጫነ ነው።»

«ጀሚ፣ አልጻፍኩትም።»

«ምን አልክ?»

«አንድ መስመር አልጻፍኩም። ሊያልቅ ነው ያልኩሽ ውሸቴን ነው።»

ከኋላዋ ማሽን ግድግዳ ሲንድ ይሰማዋል፣ የማን ቤት ይሆን፣ ያ ኪዮስኩ ያለበት ይሆን፣ ጫማ ጠጋኙ የሚቀመጥበት ይሆን፣ በእንዲህ ያለ ሰዓት ይህንን ማሰቡ ገረመው። ስልኩ የተዘጋ መስሎት ሊያየው ሲል ድምጿ መጣ።

«መዝገቡስ? አለ?»

«አለ። አልጋዬ ስር ነው።»

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ፣ ፎቶ አንስተህ ላካ! ስድቡን ኋላ እሰድብሃለሁ፣ ቦታ ይዤለታለሁ። አሁን ፎቶ!»

ተነሳ፣ መብራት አበራ፣ ላስቲኩን ቀደደው። የካምፑ ኢንተርኔት ቀን ቀን ሽባ ነው፣ አራት ገጽ ለመላክ ሩብ ሰዓት ፈጀበት፤ መልሳ ስትደውል ድምጿ ወርዷል። «አይነበብም፣ ኢያቄሜ። እርሳሱ ነጥቷል፣ የቀረው ደግሞ ጉንዳን የሄደበት ነው የሚመስለው። እኔ ልገምት ብል ስንቱን ድንጋይ አሳስታለሁ። ቆይ፣ ጋሽ ሊካሳ ስጪኝ እያሉ ነው።»

የዚህን ጊዜ ሊዘጋው ፈለገ። ስድስት ዓመት የፈራው ይህቺን ደቂቃ ነው።

«ኢያቄም» አሉ ጋሽ ሊካሳ። አርጅተዋል፣ ድምፃቸው ሳስቷል።

«ጋሽ ሊካሳ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ እኔ...»

«መዝገቡን ዝናብ አላገኘውም?»

«አላገኘውም።»

«እርሳሱ ይነበባል?»

«ለኔ ይነበባል።»

«እንግዲያው አንብብ። የኔ ዓይን ከድቶኛል፣ ከሁለት ዓመት ወዲህ የምለየው ጥላ ብቻ ነው። እኔ ድንጋዩን በእጄ አረጋግጣለሁ፣ አንተ ታነባለህ፣ ጀማነሽ ትጽፋለች። ጊዜ የለንም፣ ከአንድ ጀምር።»

ጀማነሽ ስልኩን ስፒከር ላይ አደረገችው፣ ከአንድ ጀመረ። አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብሎ፣ መዝገቡን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ፣ የተደበዘዘውን እርሳስ ወደ መብራቱ እያዘነበለ አነበበ፣ ጀማነሽ ቁጥሩን ከድንጋዩ ላይ ጮክ ብላ ትጠራለች፣ እሱ ያነባል፣ ጋሽ ሊካሳ ድንጋዩን ይመዝናሉ፣ በአውራ ጣታቸው ያሹታል፣ ሲጠራጠሩ በምላሳቸው ጫፍ ነካ ያደርጉታል፣ እንደ ጥንቱ፣ «እሱ ነው» ይላሉ። አሥራ ዘጠኝ፣ ኖራ ድንጋይ፣ ከዓባይ በረሃ፣ ያለው፦ «ልጄ በተወለደች ዕለት አነሳሁት፣ የሷን ስም እናቷ ታውጣ፣ የዚህን እኔ።» ስልሳ አራት፣ ጥቁር የእሳተ ገሞራ መስተዋት፣ ከዝዋይ፣ ያለው፦ «ጢሜን ላጭቼበታለሁ፣ ቁስሉ ይታያል።» መቶ ስምንት፣ ውሃ ላይ የሚንሳፈፈው ቀላል ድንጋይ፣ ያለው፦ «እንደኔ ባዶ ነው፣ ግን አይሰምጥም።» ጀማነሽ ትስቃለች፣ እየጻፈች ትስቃለች፣ ይሄንንም ልጻፈው እንዴ ትላለች፣ ይጻፍ ይላሉ ጋሽ ሊካሳ፣ ድንጋዩን ልጆቹ ራሳቸው ያዩታል፣ ሰዎቹን ግን አያገኟቸውም። ኢያቄም የት እንዳለ ጠፋው፣ ቅዳሜ መሰለው፣ የነጩ ቀለም ሽታ መጣ፣ ይህን ሁሉ ሰው አልጋዬ ስር አስተኝቼ ነው እንቅልፍ እምቢ ያለኝ አለ በልቡ።

«መቶ ሠላሳ አንድ» አለች ጀማነሽ። «የለም። መቶ ሠላሳ አንድ የለም፣ ጋሽዬ።»

«ቢሆንም አንብበው» አሉ ጋሽ ሊካሳ።

«መቶ ሠላሳ አንድ፣ ነጭ ኳርትዝ፣ ከነገሌ መንገድ። ያነሳው...» ኢያቄም ገጹን ወደ መብራቱ አስጠጋ። «ያነሳው ሾፌር ገለታ። ያለው፦ ‹አራት ጎማ በስቶብኛል፣ በአምስተኛው ያዝኩት። ለሸዋዬ አሳዩልኝ፣ ለምን ሦስት ቀን እንደዘገየሁ ታምነኛለች።›»

ከስልኩ ማዶ፣ በሩ አጠገብ የሚንኳኳ የዕቃ ድምፅ ነበረ፣ ቆመ።

«ማነው ያለው?» የእትዬ ሸዋዬ ድምፅ ነው። «ገለታ ነው ያለው? ያቺ ነጯ? ያቺ እኮ የውሃ በርሜሌ ክዳን ላይ ናት! ክዳኑን ነፋስ እንዳይወስደው ስንት ዘመኔ!» እግራቸው ሲሮጥ፣ ሲመለስ ተሰማው። «ይኸው፣ ይኸው ቁጥሩ፣ በሆዷ በኩል። አይ ገለታ! እኔ እኮ ውሸታም ነህ ብዬ አልጋ ለይቼበት ነበር። ምነው አንድ ሰው እንኳ ቢነግረኝ?»

እትዬ ሸዋዬ ይስቁ ያልቅሱ በስልክ አይለይም፣ ምናልባት እሳቸውም አልለዩትም። ባላቸው ካረፉ ሰባት ዓመት ሆኗል።

«ሸዋዬ፣ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ያልነገርኩሽም እኔ ነኝ» አሉ ጋሽ ሊካሳ በመጨረሻ። «ነገ እነግራታለሁ፣ ነገ እነግራታለሁ ስል መዝገብ ውስጥ ቀረ። መልእክት የሚያስቀምጥ አንተ ብቻ አይደለህም፣ ኢያቄም። ጀማነሽ፣ መቶ ሠላሳ አንድ ‹በሸዋዬ እጅ› ብለሽ ጻፊ። ኮንዶሚኒየም ይዘሽው ግቢ፣ ሸዋዬ። ቀጥል አንተ።»

ገጹን ገለጠ። ከዚያ ቀጠለ። ሁለት መቶ አለፈ፣ ድምፁ ሻከረ፣ ሦስት መቶ ደረሰ፣ የራሱ እጅ ጽሑፍ ጀመረ፣ ንጹሕ፣ ክብ፣ ምንም ያልደረሰበት ሰው ጽሑፍ። ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ብሎ ሲጨርስ በሚሠራበት ሰዓት አሥራ አንድ ሊሆን አምስት ደቂቃ ነው፣ በሚያፍርበት ስድስት ሊሆን አምስት ደቂቃ ነው፤ እዚያ አይሱዙው ጥሩምባውን ሲነፋ እዚህ የፈረቃው አውቶቡስ ከመጋረጃው ውጭ መጥቶ ቆመ።

አውቶቡሱ ላይ ሲወጣ በስክሪን ይጠየቃል፣ ስንት ሰዓት ተኛህ ይላል፣ ከስድስት በታች የተኛ ሥራ አይገባም፣ እሱም ዓመቱን ሙሉ ሰባት እያለ ሲጽፍ ኖሯል። ዛሬ ለአለቃው አጭር መልእክት ላከ፣ አልተኛሁም፣ ዜሮ ነው፣ አልገባም አለ። አለቃው ሰው እተካለሁ፣ ተኛ፣ ብሎ መለሰ። ይኸው ነው እንዴ አለ ኢያቄም፣ እውነት መናገር ይህን ያህል አጭር ነው እንዴ።

«አትዝጋ» አለች ጀማነሽ። «ሾፌሩ ይጠብቅ። ጋሽ ሊካሳ ንብረት ያለ ጉባኤ አይወጣም ብለዋል። ይኸው ሰባት ሰው አለን። ስም ልጥራ።»

ቃለ ጉባኤውን ስትገልጥ ሰማ። ሸዊት የምትባል አዲስ አባል አቤት አለች፣ ሃብተአብ አለሁ አለ፣ ሌላም ሌላም፣ ከዚያ ልክ እንደማንኛውም ስም፣ ድምጿን ከፍም ዝቅም ሳታደርግ፣ «ኢያቄም» አለች፣ እሱ አፉን ሳይከፍት የክፍሉ ሰው ሁሉ በአንድ ድምፅ «መስክ ላይ!» አለና ወደሚቀጥለው ስም ታለፈ።

«ጀሚ፣ ቆይ» አለ። «ምን አላችሁ?»

«እ? መስክ ላይ ነዋ።»

«ስሜን አሁንም ትጠሩታላችሁ?»

«በየወሩ። ሦስት ወር የቀረ ይሰረዛል ሲባል ጋሽ ሊካሳ እንቢ አሉ። መዝገቡ በእጁ ነው፣ ሥራ ላይ ነው፣ መስክ ነው አሉ። በዛ ላይ ባንተ ስም እኮ ነው ጉባኤው የሚሞላልን፣ ስንት ጊዜ በአንድ ሰው እንዳመለጥን ብትቆጥር!»

ስድስት ዓመት። ሰባ ሁለት ጉባኤ። እሱ እዚህ ጣሪያ ላይ አፍጥጦ ረስተውኛል፣ ቢረሱኝም ሐቃቸው ነው ሲል፣ እዚያ ሳያውቀው ወንበር ሞልቶ ተቀምጧል። መሳቢያው ውስጥ ያለው ቅጽ ትዝ አለው፣ ባዶው «እስከ» ትዝ አለው፣ ከዚያ አለቀሰ፣ ሳይደብቅ፣ ስልኩን ከአፉ ሳያርቅ።

ጋሽ ሊካሳ እስኪወጣለት ጠበቁት። «ረጅም መስክ ነው የሄድከው» አሉት ቀስ ብለው። «ድንጋይ የለህም?»

በባዶ እግሩ ወጣ። ፀሐዩ ዘቅዝቋል፣ መሬቱ ግን ገና ያቃጥላል፣ ከደረጃው ስር ጎንበስ ብሎ ጭብጥ የምታህል ቀይ ድንጋይ አነሳ፣ በሸሚዙ ጠርጎ በምላሱ ነካት፣ የዝገት ጣዕም አላት። ከክፍሉ መዝገቡን አምጥቶ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። በክር የታሰረችው እርሳስ አለች፣ ጫፏ አልደነዘም። ሦስት መቶ አሥራ ሦስት ብሎ ጻፈ፣ የብረት ድንጋይ ብሎ ጻፈ፣ ቦታውን ጻፈ፣ ያነሳው ብሎ ስሙን ጻፈ፤ «ያለው» የሚለው ቀረ፣ ካዛንቺስ ያለው ሰው ሁሉ ይጠብቀዋል፣ የአይሱዙው ሞተር ብቻ ያጉረመርማል።

«አለሁ» አለ ኢያቄም።

«ሞተሩ ይጮሃል፣ አልተሰማም» አሉ ጋሽ ሊካሳ። «ድገመው።»

ደገመው።